ጢስ ዓባይ በየካቲት ይታያል ወይ?

ሰላም እህቴ። የካቲት ላይ ባሕር ዳር ስመጣ ጢስ ዓባይ መሄዱ ያዋጣል ወይ ብለሻል። ለፏፏቴው ከሆነ ይቅርብሽ፤ መስከረም ወይ ጥቅምት ላይ ነይ። በበጋ ወንዙ ራሱ ይቀንሳል፣ የቀረውን ደግሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ ይሻሙታል። ያ ከ40 ሜትር በላይ የሆነ ገደል ባዶውን ሊጠብቅሽ ይችላል።

ለሸለቆው ከሆነ ግን ነይ፣ እንዲያውም በጋ ይሻላል። መንገዱ አያዳልጥም። ጢስ ዓባይ ከተማ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በእግር ቁልቁል ስትወርጂ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ሰው የፖርቹጋሎች ድልድይ ይለዋል። እዚያ ቆም ብለሽ ወደ ታች እዪ። ያ ሁሉ ዓባይ በጠባብ ጥቁር ድንጋይ መሃል ተጨምቆ ያልፋል። ለእኔ ከፏፏቴው ይበልጥብኛል። ገበሬው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ አህያውን እየነዳ በላዩ ይሻገራል!

ከድልድዩ ወዲያ ዳገት ስለሆነ ነጠላ ጫማ አይሆንም። በማለዳ ውጪ፣ ፀሐዩ አይቻልም። የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ ያዢ፤ ሒሳቡን ግን ቀድመሽ ተነጋገሪ። ከመነሳትሽ በፊት የመንገዱን ሰላም ባሕር ዳር ላይ ጠይቂ።