ደህና የሚበር አውሮፕላን ለምን ይለወጣል? ከቲኬት ቤት መልስ

«አየር መንገዳችን ደህና የሚበሩ አውሮፕላኖችን እየለወጠ የዶላር ዕዳ የሚሸከመው ለምንድን ነው? ዕድገቱስ በእርግጥ ከዚያ ነው የመጣው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቲኬት መቁረጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ያየሁትን ልንገርህ።

ነገሩ ከቦሌ ይነሳል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም እንደ ቆላው አቅም የላቸውም። ሰው፣ ዕቃና ነዳጅ ሁሉንም ጢም አድርጎ ሞልቶ ለረጅም መንገድ መነሳት አይቻልም፤ አንዱ መቀነስ አለበት።

አንድ ጊዜ ልጃቸውን ለማረስ ዋሽንግተን የሚሄዱ እናት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የበረራ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ ስሄድ ደብሊን የሚያሳርፈኝ፣ ስመለስ ግን በቀጥታ የሚያመጣኝ ምን ቢሆን ነው?» አሉኝ። ዋሽንግተን ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ከዚያ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳል፣ ከእኛ ዘንድ ግን አይችልም አልኳቸው። «አሃ፣ ዳገት ላይ ለአህያ ጭነት እንደሚቀነስላት!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ የማስረዳው በእሳቸው ቃል ነው።

ከዋሽንግተን በቀጥታ መምጣትማ እ.ኤ.አ. በ1984 አዲስ የተገዛው ቦይንግ 767 አድርጎታል፤ ልማዱ የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ቦይንግ 787 ድሪምላይነር፣ በ2016 ኤርባስ ኤ350 ከአፍሪካ መጀመሪያ የገቡት እዚህ ነው። ቦይንግ እንደሚለው ድሪምላይነር በመጠን ከሚመሳሰሉት የቀድሞ አውሮፕላኖች እስከ 20 በመቶ ነዳጅ ይቆጥባል። የረጅም በረራ ትልቁ ወጪ ነዳጅ ስለሆነ፣ የሚያከስረውን መስመር ወደሚያተርፍ የሚለውጠው ይህ ልዩነት ነው።

መስመር ሲከፈት ደግሞ የሚጠቀመው ያ መስመር ብቻ አይደለም። ከሌጎስ ወይም ከሐራሬ ተነስቶ ጓንግዡ ዕቃ ሊያመጣ የሚሄደው ነጋዴ እኔ ጋ አይመጣም፤ ቦሌ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ ያልፋል። አንድ አዲስ ከተማ በተጨመረ ቁጥር ለሌሎቹ ሁሉ መንገደኛ ይመግባል። ዕድገቱን ያመጣው በዋናነት ይህ ትራንዚት ነው ባይ ነኝ። ዕዳው በዶላር ነው ብለሃል፤ ይህ መንገደኛም የሚከፍለው በውጭ ምንዛሪ ነው። አውሮፕላኑ ራሱም ለአበዳሪው መያዣ ይሆናል።

ቀድሞ መግዛት ግን ዋጋ አለው፤ ይህን አልክድህም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ በባትሪ ችግር የዓለም ድሪምላይነር ሁሉ ለወራት ቆሞ ነበር። ሚያዝያ ላይ ወደ ናይሮቢ በመብረር መንገደኛ ማጓጓዝ ቀድሞ የጀመረው የእኛው ነው። ይህን ደግሞ አውሮፕላን መግዛት ብቻ አያመጣውም፤ በገዛ ትምህርት ቤቱ ያሠለጠናቸው አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች ሥራ ነው።

እኔ ከአዲስ አውሮፕላን ባልተናነሰ የምጠብቀው ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደውን ኤርፖርት ነው። ቦታው ከቦሌ ዝቅ ስለሚል ያው አውሮፕላን ብዙ ጭኖ ይነሳል።