ለአእምሮ ጤና ብሎ መጾም ጾም ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰንብተዋል? የጤና ተማሪ ነኝ። ጾም የአንጎልን ሴሎች ያድሳል ሲባል ሰምቼ በዓቢይ ጾም ለማስታወስ ችሎታዬ ብዬ መጾም ጀመርኩ። ይህ ጾም ይባላልን? እናቴ ደግሞ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊን እየወሰደች እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምስም። እሰጋለሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ የሰማሽው መሠረት አለው። ማታ 2 ሰዓት ራት የበላ ሰው በማግሥቱ እስከ 9 ሰዓት ሲቆይ 19 ሰዓት ይሞላዋል። ጉበት ያጠራቀመው ስኳር ሲመናመን ስብን ኪቶን ወደሚባል የስኳር ምትክ ነዳጅ ይለውጣል። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከኃይላችን 20 በመቶ ያህሉን ይፈጃል፤ ስኳሩ ሲያንሰው በኪቶን ይደጎማል። ሴሎችም ሲራቡ ያረጀ ክፍላቸውን አፍርሰው መልሰው ይገለገሉበታል፤ ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይህን በእርሾ ላይ መርምረው በ2016 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ነርቭን የሚያለመልም ፕሮቲን በጾም መጨመሩ ግን ጎልቶ የታየው በአይጦች ነው። ለአይጥ የተገኘውን ለሰው አድርገን ከዐውደ ምሕረት ልንሰብከው አይገባም።

ፍትሐ ነገሥት ጾምን ሲተረጉም ሥጋ ለነባቢት ነፍስ እንድትታዘዝ ነው ይላል። አስቢው፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ሆኗል፣ ሆድሽ ይጮኻል፣ ከጎረቤት የሽሮ ሽታ ይመጣል፣ በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ክፉ ቃል ይናገርሻል። የምትመልሽለት ቃል ነው ጾምሽን የሚመሰክረው። ያስቀረሽው ምሳስ ለማን ደረሰ? ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እንጀራህን ለተራበ ቁረስ ያለው ስለ ጾም ሲናገር ነው። ለማስታወስ ችሎታ ብለሽ መራብሽን አልነቅፈውም፤ ጾም ግን አልለውም። ጸሎትና ምጽዋት ጨምሪበት፤ የጀመርሽው ረሀብ ያን ጊዜ ጾም ይሆናል። ዳንኤልና ጓደኞቹም ጥራጥሬ በልተው ጥበብ የተሰጣቸው ከእግዚአብሔር ነው።

በፍስክ ወራት ወተትና እንቁላል አትናቂ። የነርቭን ሽፋን የሚጠብቀው ቫይታሚን ቢ12 በሽሮና በአትክልት አይገኝም፤ እጥረቱ ሲቆይ እግር ያደነዝዛል፣ ያዘነጋል።

እናትሽን በተመለከተ ስጋትሽ ትክክል ነው። ኢንሱሊን ወስደው ሳይበሉ ሲቆዩ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከታየባቸው ጾም ላይ ነኝ ቢሉም ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይቅመሱ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም። በሰዓታቸው እየበሉ ከሥጋና ከቅቤ መከልከል ይችላሉ። ይህን ግን አንቺ ብቻሽን አትንገሪያቸው፤ «ልጄ ጾም አስገደፈችኝ» ብለው ያዝናሉ። የንስሐ አባታቸውን ጥሪ፤ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ይወስን፣ ካህኑ እንዲበሉ በአንደበታቸው ይፍቀዱላቸው።