መልስ፦ የባለቤቴ የዘር ሐረግ 1870 ላይ ቆመብኝ

አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ የባልሽ ቅድመ አያቶች እ.ኤ.አ. ከ1870 በፊት የጠፉብሽ ስተሽ አይደለም፣ ከባርነት የወጡት ጥቁሮች በሙሉ በስማቸው የተቆጠሩት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1870ው የሕዝብ ቆጠራ ነው። የ1850 እና የ1860 የባሪያ መዝገብ ላይ የተጻፈው የጌታው ስም ነው፣ ባሪያዎቹ ዕድሜና ፆታ ሆነው ነው የቀሩት።

ስለዚህ መጀመሪያ ከባርነት ለወጡ ጥቁሮች የተቋቋመውን የፍሪድማንስ ባንክን መዝገብ እዪ፣ ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ፣ የአትላንታ፣ የኦገስታና የሳቫና ቅርንጫፎች አሉበት። ሒሳብ ሲከፍቱ የእናት የአባት የወንድም እህት ስም፣ አንዳንዴም የድሮ ጌታቸውን ስም ያስመዘግቡ ነበር። እዛ ካጣሽ በ1870 ቆጠራ ላይ ጎረቤታቸው የሆኑትን ባለ መሬት ነጮች ስም ያዢና የነሱን ኑዛዜና የውርስ ንብረት ዝርዝር ከካውንቲው (ከወረዳው) ፍርድ ቤት ፈልጊ። ሰው ከበቅሎና ከአልጋ ጋር ዋጋ ወጥቶለት ታገኛለሽ፣ በጣም ያማል፣ ግን ስማቸው ያለው እዛ ነው።

አንድ ነገር ብቻ፣ የባልሽ አያት የነገሩሽን ወረቀት ላይ ስላጣሽው አትሰርዢ። የኔ ባል አያት "ከወንዙ ማዶ ነው የመጣነው" ሲሉ ካውንቲው ወንዙን ስለማይሻገር ተሳስተው ነው ብዬ ተውኩት፣ ለካ ድንበሩ በኋላ ነው የተቀየረው። ይሄን ሳውቅ እሳቸው አርፈዋል፣ የማዶውን ቤተ ክርስቲያን ስም የሚነግረኝ ሰው የለም። አንቺ ግን ዛሬውኑ ቲቪውን አጥፊና ስልክሽን የባልሽ አያት አጠገብ አድርገሽ ድምፃቸውን ቅጂ።