«አሉባልታ» ብዬ ብጽፍ ሁለቱም ተቀየሙኝ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤
የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። በጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነስተው «ገንዘብ ያዡ ሳይፈቀድላቸው ከባንክ ብር አውጥተዋል አሉ፤ ይጣራልን» ሲሉ ጠየቁ። እኔም «በገንዘብ ያዡ ላይ አሉባልታ ተነስቷል» ብዬ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኩ። ጠያቂው «አሉባልተኛ አደረግኸኝ!» ብለው ተቆጡ፤ ገንዘብ ያዡም አልወደዱትም። «ወሬ» ብል ይሻል ነበር? ወይስ «ሐሜት»? ገጹ ተፈርሞበታል።

መልስ፦
ውድ ጸሐፊ፤ ሦስቱም አይሆኑም። «አሉባልታ» ፍርድ ያዘለ ቃል ነው፤ ነገሩ መሠረት የለውም፣ የሚያወራውም ሥራ ፈት ነው ይላል። ስለዚህም ይነዛል፣ ይናፈሳል እንጂ አይጠየቅም። «ወሬ» ደግሞ ይንሸራተታል፦ «ምን ወሬ አለ?» ሲባል ዜና ነው፣ «እሱ ወሬ ብቻ ነው» ሲባል ጉራ፣ «ወሬኛ» ላይ ሲደርስ ስድብ። መዝገብ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። «ሐሜት» ጭራሽ አይመጣም፤ ሰው የሚታማው በሌለበት ነው፣ ነገሩ እውነት ቢሆንም እንኳ። እኚህ አባት ግን የተናገሩት ገንዘብ ያዡ ፊት ነው። «ጭምጭምታ»ም ለሻይ ቤት ይቆይ።

ስብሰባ ላይ ቆሞ «ይጣራልን» ያለ ሰው ጥያቄ አቀረበ ይባላል። ለኮሚቴው ለብቻው ቢነግር ጥቆማ፣ በራሱ ላይ በደል ደርሶ ቢሆን ቅሬታ ይሆን ነበር።

ይበልጥ የሚያሳስተው ግን ግሱ ነው። «ገንዘብ መውጣቱን ገለጹ» ብለው ቢጽፉ መውጣቱን እርስዎም ተቀበሉ ማለት ነው፤ «አስታወቁ»ና «አረጋገጡ» ደግሞ ይብሳሉ። «ገንዘብ ወጥቷል አሉ» ቢሉ «አሉ» ያሉት እሳቸው በአንቱታ ይሁኑ ወይስ ሌሎች ሰዎች፣ አንባቢ አይለየውም። በአፍ ሲነገር ድምፁ ይለየዋል፤ ወረቀት ላይ ግን ድምፅ የለም። «ተብሏል» ተናጋሪውን ይደብቃል። እንዲህ ይጻፉት፦

«አቶ እገሌ፣ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ከባንክ ገንዘብ ወጥቷል ሲባል መስማታቸውን ተናግረው ሒሳቡ እንዲጣራ ጠየቁ።»

ከሥሩ የገንዘብ ያዡን መልስ በራሳቸው ቃል ያስገቡ። መልሱ ከተዘለለ ጥያቄው ክስ መስሎ ይቀራል።

የተፈረመበትን ገጽ አይቅደዱ፣ በፍሉድም አይሸፍኑ፤ የተሸፈነ መስመር ከተጻፈው በላይ ያጠራጥራል። በሚቀጥለው ስብሰባ «የቃለ ጉባኤ ማስተካከያ» የሚል አጀንዳ ያስይዙ። የድሮው ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይቀመጥ፤ አዲሱን በዕለቱ ቃለ ጉባኤ ላይ የቀድሞውን ቀንና ገጽ ጠቅሰው ያስፍሩት፣ ያኔ የፈረሙትም ይፈርሙበት። ገንዘብ ያዡ «ጥያቄው ጨርሶ ይሰረዝ» ካሉ፣ መሰረዙ ሳይሆን የባንኩ ስቴትመንት ከገጹ ጋር መያያዙ እንደሚጠቅማቸው ያስረዷቸው።