ፔሩ፦ ተራራው ይቅደም ወይስ ጫካው?

ወንድሜ፣ በሁለት ሳምንት የአንዲስን ተራሮች፣ የኢንካዎችን ጥንታዊ ከተማ ማቹ ፒቹንና የአማዞንን ደን ለማየት ከየት ልጀምር ላልከው፦ ዋናው ጉዳይ ከፍታው ነው። ዋና ከተማዋ ሊማ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፤ የተራራዋ ከተማ ኩስኮ ደግሞ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ያንን ሁሉ ስትወጣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዝህ ይችላል። ስለዚህ ኩስኮ እንዳረፍክ እዚያ አትደር፤ በመኪና ወደ ኦያንታይታምቦ መንደር ውረድ። ከፍታው 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሰውነትህ ቀስ ብሎ ይለምደዋል። መንደሩን ደግሞ በጣም ነው የምወደው፤ በጠባቦቹ የድንጋይ መንገዶች ዳር ኢንካዎች የሠሩት ቦይ ዛሬም ውሃ ይወርድበታል፤ ማታ ድምፁን እየሰማህ ነው የምትተኛው። የማቹ ፒቹ ባቡርም ከዚያው ይነሳል።

የማቹ ፒቹ ትኬት ቀንና ሰዓት የተቆረጠለት ስለሆነ የአውሮፕላን ትኬት ከመግዛትህ በፊት እሱን አረጋግጥ። እስከ ማቹ ፒቹ በእግር በጥንቱ የኢንካ መንገድ ልሂድ ካልክ፣ በየካቲት (በፈረንጆች ፌብሩዋሪ) እንደሚዘጋ እወቅ። ደረቁ ወቅት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው።

ጫካውን ለመጨረሻ አድርገው። ከኩስኮ እስከ ጫካው ከተማ ፑኤርቶ ማልዶናዶ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ታምቦፓታ ጥብቅ ደን። የቢጫ ወባ ክትባቱን ግን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተከተብ። ጎህ ሲቀድ በቀቀኖቹ የወንዙን ዳር ጭቃ ሊበሉ በመንጋ ሲወርዱ እንዳያመልጥህ፤ ለዚህ ስትል ሁለት ሳይሆን ሦስት ሌሊት እደር።