አንድ አዳራሽ ለዕድርም፣ ለሠርግም፣ ለጥናትም፦ የአዳማ ሰፈር ማዕከል ጥያቄና መልስ

አዳማ ውስጥ የሰፈር ማዕከል ለመሥራት የተነሡ የዕድር ኮሚቴዎችና ወጣቶች የጠየቁት፣ አንድ የሕንፃ ዲዛይን ባለሙያ የመለሰው ነው። ስሌቱ በሙሉ 10 በ15 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 4 ሜትር የሆነ አዳራሽን ይዞ የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ቦታችን 500 ካሬ ነው። ለስብሰባ፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለወጣቶች፣ ለክትባት እያልን ስንከፍለው ሰባት ክፍል ሆነብን። ይበቃል?

ይበዛል። ክፍሎቹን ከመቁጠራችሁ በፊት የሳምንቱን ሰዓት በወረቀት ላይ ዘርጉት። ልጆች ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያጠናሉ፣ ዕድሩ እሑድ ጠዋት ይሰበሰባል፣ ክትባት በወር አንድ ቀን ነው። ሦስቱም አይጋጩም፤ አንድ አዳራሽ ይበቃቸዋል። ለብቻው መሆን ያለበት ቦታው የማይቀያየር ወይም ምስጢር የሚፈልግ ሥራ ብቻ ነው፤ ለእሱ 4 በ5 ሜትር የሆነ አንድ ትንሽ ክፍል ጨምሩ። አዳራሹ 150፣ ዕቃ ቤቱ 20፣ ትንሹ ክፍል 20፣ ኩሽናው 15፣ መጸዳጃው 25 ካሬ ቢሆን በድምሩ 230 ነው። የቀረው 270 ካሬ ግቢ ይሁን፤ ለቅሶና ሠርግ ግቢ ይፈልጋሉ። አዳራሹ ወንበር በተርታ ሲደረደር 150 ሰው ገደማ፣ ጠረጴዛ ሲገባ 100 ሰው ገደማ ይይዛል።

ጥያቄ፦ አዳራሹን ለሁለት የሚከፍል ተጣጣፊ በር ብናስገባስ?

የምትከፋፍሉት በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ከሆነ አስገቡ፤ ካልሆነ ገንዘቡን ለኮርኒስ አውሉት። 10 ሜትር ወርድና 3 ሜትር ቁመት ያለው መከፋፈያ 30 ካሬ ነው፤ ድምፅ የሚከላከል ሆኖ በካሬ 30 ኪሎ ቢመዝን 900 ኪሎ ነው። ሲታጠፍ ይህ ሁሉ ክብደት አንድ ጥግ ላይ ይከማቻል። በሩን ከላይ የሚሸከመው አግዳሚ (ቢሙ) ከመጀመሪያው ለዚህ ካልተሰላ ይጎብጣል፣ በሩም ወለሉን እየፋቀ ይጣበቃል። ሐዲዱ ከላይ ብቻ ይሁን። የወለል ሐዲድ የአዳማ አቧራ በጥቂት ወር ይሞላዋል፤ ለዊልቸርም እንቅፋት ነው።

ሌላው በየቦታው የሚታየው ስሕተት፦ በሩ ኮርኒሱ ጋ ይቆማል፣ ከኮርኒሱ በላይ ግን እስከ ቆርቆሮው ክፍት ነው። ድምፁ በላይ ዞሮ ወደ ማዶ ይገባል። ያንን ክፍተት እስከ ጣሪያው ዝጉት። መጋረጃ ደግሞ ዓይንን እንጂ ድምፅን አይከለክልም።

ጥያቄ፦ ያለን አዳራሽ ሊቀመንበሩ ሲናገር አይሰማም፤ ያስተጋባል። ድምፅ ማጉያ ብንጨምር ባሰበት።

ማጉያው ማስተጋባቱንም ያጎላዋል። የአዳራሹ ይዘት 600 ሜትር ኩብ ነው። ሊሾ ወለል፣ ልስን ግድግዳና ለስላሳ ጂፕሰም ኮርኒስ አንድ ላይ የሚውጡት ድምፅ ወደ 25 ካሬ ስፋት ካለው ክፍት መስኮት አይበልጥም። የማስተጋባቱ ጊዜ የሚሰላው 0.16 በአዳራሹ ይዘት ተባዝቶ፣ ድምፅ ለሚውጠው ስፋት ተካፍሎ ነው፦ 0.16 ሲባዛ በ600፣ ሲካፈል ለ25፣ ወደ 4 ሰከንድ ይመጣል። አዳራሹ ባዶ ሲሆን አንድ ጭብጨባ ያን ያህል ይንከባለላል ማለት ነው። ለንግግር 1.2 ሰከንድ ግድም ስትደርሱ ጥሩ ነው፤ ለዚያ 80 ካሬ ያስፈልጋል። የጎደለው 55 ነው። የኮርኒሱን ግማሽ፣ ማለትም 75 ካሬ፣ ድምፅ በሚውጥ የማዕድን ሱፍ ሰሌዳ ብትሸፍኑ ይሞላል ማለት ይቻላል። የዝናቡንም የቆርቆሮ ጩኸት ይቀንሳል። የእንቁላል ካርቶን አይረዳም። ስፖንጅ ግድግዳ ላይ በፍጹም አትለጥፉ፤ እሳት ሲነካው ሰው ከመውጣቱ በፊት አዳራሹን በመርዛም ጭስ ይሞላዋል።

ጥያቄ፦ 20 ካሬ ዕቃ ቤት አልበዛም? አዳራሹን ብናሰፋው አይሻልም?

አይሻልም። ዕቃ ቤት ያነሰው አዳራሽ ወንበሩ ጥግ ላይ ይከመራል፣ ከዚያ ጥናቱም ስፖርቱም በተከመረው መሃል ይሆናል። 150 የፕላስቲክ ወንበር አሥር አሥር ሲደራረብ 15 ቁልል ነው፤ አንዱ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ይይዛል፣ ከመተላለፊያው ጋር 12 ካሬ። ታጣፊ ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ቆመው ይገባሉ። የዕድሩ ድስትና ሳህን በተለየ ቁልፍ፣ የወጣቶቹ ዕቃ በሌላ። የዕቃ ቤቱ በር 1.2 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ደፍ አይኑረው፣ ጋሪ እንዲገባ።

ጥያቄ፦ ነፋሱንና አቧራውን ምን እናድርገው? መስኮት ብንዘጋ ሙቀቱ አያስቀምጥም።

ረጅሙን ግድግዳ ወደ ሰሜንና ደቡብ አዙሩት፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ በአጭሩ ጎን ብቻ ይመጣል። ጣሪያው ከግድግዳው ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ። ቦታው ላይ በበጋ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለአንድ ሳምንት እዩ፤ በዚያ በኩል መስኮቱ ትንሽ ይሁን፣ በተቃራኒው ሰፊ። ኮርኒሱ አጠገብ ሞቃት አየር የሚወጣበት ቀዳዳ በወንፊት ሸፍናችሁ አስቀሩ።

ጥያቄ፦ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል።

አንዱ ምጣድ 3,500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል፤ ሁለቱ 32። ለየምጣዱ የራሱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና 25 አምፔር ብሬከር ይሁን፤ ቆጣሪውም ይህን መቻሉን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የአዳራሹን መብራት ከኩሽናው መስመር ለዩት፣ ሠርግ መሃል እንዳይጨልም።

ጥያቄ፦ ለቅሶ ሲሆን ግቢው ውስጥ ድንኳን እንጥላለን፤ ነፋሱ ካስማውን ይነቅለዋል።

ልል አፈር ላይ ካስማ አይይዝም። በሁለቱም ጎን በየ3 ሜትሩ፣ 40 በ40 በ60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ኮንክሪት ሙሉት፤ ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር የብረት ቀለበት ይቀበር። አንዱ ወደ 230 ኪሎ ይመዝናል። ቀለበቱ ከወለል በታች ይሁን፣ ክዳን ይደረግበት፤ ልጆች እንዳይደናቀፉ። ነፋሱ ሲበረታ ግን ድንኳኑ ይውረድ።

ጥያቄ፦ ከሌባ ለመጠበቅ ከሁለቱ በሮች አንዱን ቆልፈን ብንጠቀምስ?

ሰው ውስጥ እያለ አይሆንም። 150 ሰው በአንድ በር ሲጋፋ ሰው ይረገጣል። ሁለቱም 1.6 ሜትር ስፋት ኖሯቸው፣ ተራርቀው፣ ወደ ውጭ ይከፈቱ። አንዱ ያለ ደረጃ ይሁን፤ ወለሉ ከግቢው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ተዳፋት መወጣጫው 5.4 ሜትር ይርዘም፣ ለአንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ርዝመት። ይህ ለዊልቸርም ለአዛውንትም፣ ወንበር ለሚገፋውም ነው።

ጥያቄ፦ ውስጡን በብሎኬት መክፈል ርካሽ ነው። ምን ችግር አለው?

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማም ተሰምቷል። ከኮለንና ከቢም ጋር ያልታሰረ የብሎኬት ግድግዳ ሲንቀጠቀጥ ሰው ላይ ይወድቃል። ብሎኬት ካስፈለገ በየ3 ሜትሩ ቋሚ ብረት፣ ከላይም ዙሪያውን የኮንክሪት ቀበቶ ይግባ፤ ሥራውንም መሐንዲስ ያስላው። የዕቃ ቤቱን መደርደሪያ ግድግዳው ላይ በቡሎን እሰሩት፤ ድስቱን ከታች አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ቁልፉ ማን ጋ ይሁን?

ሁለት ሰው ጋ። በዝግጅትና በዝግጅት መካከል ግማሽ ሰዓት በፕሮግራሙ ላይ ጻፉ፤ ሁለት ሰው በጋሪ 100 ወንበር ለማንሳት 20 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ወንበሩን የሚመልሰው ያወጣው ቡድን ነው።