«መምራት» እና «መቀመር»፦ ሁለት የኔትወርክ ቃላት

ጥያቄ፦ ስለ ኔትወርክ የተጻፈ ማስተማሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ራውቲንግ»ን «ማዘዋወር»፣ «ኮዲንግ»ን «መመስጠር» ብያቸዋለሁ። ያስኬዳል?

መልስ፦ ሁለቱንም ቢቀይሯቸው እመክራለሁ፤ በተለይ ሁለተኛው አንባቢዎን ያሳስታል።

«ማዘዋወር» ከቦታ ቦታ ማመላለስን እንጂ መወሰንን አያሳይም። ራውተር ግን የፓኬቱን (የሚላከውን የመረጃ ጥቅል) መድረሻ አይቶ በየት በኩል እንደሚወጣ ይወስናል። ለዚህ «መምራት» የሚል የታወቀ ቃል አለን። ማመልከቻ «ለሚመለከተው ክፍል ተመራ» ስንል ጽሑፉ ሳይነካ መሄጃው ተወሰነለት ማለታችን ነው። የፓኬቱም ነገር ይኸው ነው።

«መመስጠር» ከሌላ ሰው ዐይን መሰወር ነው። በኔትወርክ ኮዲንግ የሚሰወር ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪዎቹ አልስዌዴ፣ ካይ፣ ሊ እና ዩንግ ያሳዩት፣ መካከል ላይ ያለ ጣቢያ የደረሰውን ከመምራት አልፎ ቢያሰላበት ብዙ መረጃ ማድረስ እንደሚቻል ነው። ሁለት ተቀባዮች «ሀ» እና «ለ» የተባሉ ሁለት ቢቶችን (እያንዳንዳቸው 0 ወይም 1 የሆኑ) ይፈልጋሉ እንበል። አንደኛው «ሀ»ን፣ ሌላኛው «ለ»ን በየራሱ መስመር አግኝቷል። የቀረው የጋራ መስመር ግን በአንድ ጊዜ አንድ ቢት ብቻ ያሳልፋል። ጣቢያው «ሀ»ን ቢመራ አንዱ፣ «ለ»ን ቢመራ ሌላው ይቀርበታል። ስለዚህ ሁለቱን አነጻጽሮ ተመሳሳይ ከሆኑ 0፣ ከተለያዩ 1 ይልካል። በእጁ «ሀ» = 1 ያለው ተቀባይ 1 ሲደርሰው «ለ» 0 መሆኑን ያውቃል፤ ሌላውም እንዲሁ። በዚህ ኔትወርክ በመምራት ብቻ ለእያንዳንዱ ተቀባይ በአንድ ዙር በአማካይ ከ1.5 ቢት በላይ አይደርስም፤ በስሌቱ ግን 2 ይደርሳል። ይህን ውጤት ባነበብኩት ቁጥር ያስደንቀኛል።

እንግዲህ ሥራው ስሌት ከሆነ ቃሉም ስሌትን ይንገረን፤ እኔ «መቀመር» እላለሁ። «ማደባለቅ» የሚሉም አሉ፤ የተደባለቀ ነገር ግን ተመልሶ መለየቱ ለጆሮ አይታሰብም፣ እዚህ ደግሞ ዋናው ቁም ነገር መለየቱ ነው። «ቀመረ» ባሕረ ሐሳብን የሚያሰሉ ሊቃውንት ሲሠሩበት የኖረ ግስ ነው፤ ቁጥርን ከቁጥር አገናኝቶ የተፈለገውን ማውጣት በውስጡ አለ። ስሙን «የኔትወርክ ቅመራ» ይበሉት።

«ኮድ» እና «ራውተር» እንዳሉ ይቆዩ። በተለይ «ራውተር»ን ከግሱ ጋር ለማስማማት ብለው «መሪ» እንዳይሉት፤ አንባቢው አለቃን ወይም የመኪና መሪን ያስባል።